የጀርመን ጦር ተሳቢ ወጥ ቤት፦ በድስቱ ግድግዳ መሃል ያለውን ግሊሰሪን ልቀይር ወይስ ልጨምርበት?

ብረት ጠጋኝ፦
ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራውን የጀርመን ጦር ትልቁን ተሳቢ ወጥ ቤት (ኤችኤፍ 13፣ ዋናው ድስት 200 ሊትር) እየጠገንኩ ነው። ጎማውና አክስሉ ደህና ናቸው። ድስቱ ባለ ሁለት ግድግዳ ሲሆን በመሃሉ ያለው ግሊሰሪን ጎድሏል፣ ቡናማ ሆኗል፣ ቀጥኗልም። የድስቱ ውስጥ ግራጫ ልባስ ታች ላይ ተልጧል። ያለውን ላፍስሰው ወይስ ልሙላበት? መቼስ እሳት ማንደድ እችላለሁ?

እሳት ዳር፦
እሳቱን ለጊዜው ተወው። ግሊሰሪኑ እዚያ የገባው የእሳቱን ሙቀት ለድስቱ በእኩል እንዲያዳርስና ወጡ ታች እንዳያር ነው። ችግሩ ከአየር እርጥበት ይስባል። ጥቂት ቀድተህ 20 ዲግሪ ላይ በባትሪ አሲድ መለኪያ ለካው፤ መለኪያው ለዚህ ይበቃል። ንጹሁ 1.26 ያሳያል፤ ማለትም ከውሃ 1.26 እጥፍ ይከብዳል። 1.21 ካሳየህ አንድ አምስተኛው ውሃ ነው ማለት ነው። ንጹህ ግሊሰሪን የሚፈላው በ290 ዲግሪ ነው፤ 10 በመቶ ውሃ ከገባበት ግን 138 ላይ፣ 20 በመቶ ከገባበት 121 ላይ ይፈላል። ያን ጊዜ ግድግዳዎቹ መሃል እንፋሎት ይታመቃል። የመተንፈሻው ቫልቭ በዝገት ከተደፈነ የውስጡ ድስት ወደ ውስጥ ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ መመለስ አድካሚ ነው።

ቡናማ መሆኑ ደግሞ ከልክ በላይ ግሎ እንደነበር ያሳያል። አፍስሰው፣ አትጨምርበት። ወደፊትም ስታበስል ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ከቫልቩ ከወጣ ግሊሰሪኑ እየተበላሸ ነውና እሳቱን ወዲያው አውጣ።

መንገደኛ፦
ያን ያህል ግሊሰሪን ውድ ነው። የራዲያተር ፈሳሽ ወይም የሞተር ዘይት አይሆንም?

እሳት ዳር፦
በፍጹም! አብዛኛው የራዲያተር ፈሳሽ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር ብትኖር ወጡ ውስጥ ይገባል፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። የሞተር ዘይት ቢያፈስስ ደግሞ በቀጥታ እሳት ላይ ነው የሚወርደው። ለምግብ ወይም ለመድኃኒት የሚሆን 99.5 በመቶ ግሊሰሪን ብቻ። ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ በቀዝቃዛው ስትሞላ ከስምንት አንድ እጅ ባዶ ተው።

መዳብ፦
ከመሙላትህ በፊት ማፍሰሱን ፈትሽ። በኮምፕረሰር አየር አትሞክረው፤ የታመቀ አየር ብየዳው ከለቀቀ ይፈነዳል። ግድግዳውን የምግብ ቀለም ባለው ውሃ ሞልተህ አየሩን አስወጣና በመሙያው አፍ ላይ ግልጽ ቱቦ ወደ ላይ 1 ሜትር አቁም። ይህ 0.1 ባር ነው፣ ይበቃል። ደረጃውን ቱቦው ላይ ምልክት አድርገህ አንድ ሰዓት ጠብቅ። ቀለሙ ድስቱ ውስጥ ከታየ ሽንቁሩ የውስጡ ግድግዳ ላይ ነው።

ከዚያ ማድረቁ ላይ አትቸኩል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞቅ ያለ አየር እየነፋህ በሚወጣው አየር ፊት ቀዝቃዛ መስታወት ያዝ። መስታወቱ ጉም መያዙን እስኪተው ድረስ አታቁም።

ስለ ልባሱ፦ ቲን (ድስት የሚለበጥበት ለስላሳ ነጭ ብረት) ከሆነ የሚቀልጠው በ232 ዲግሪ ነው፤ ባዶ ድስት ላይ እሳት ከተነሳ ይወርዳል። የተላጠውን ስታስለብስ እርሳስ የሌለበት ንጹህ ቲን ይሁን፤ የጥንቱ ልባስ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አስመርምረው። ማግኔት የማይዘው፣ ቀላልና ነጣ ያለ ድስት ከሆነ ደግሞ አልሙኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አታስነካው፣ ይበላዋል። የክዳኑና የምድጃው አሮጌ ማሸጊያ ገመድ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ) ሊሆን ስለሚችል በደረቁ አትፋቀው፤ እስካልተመረመረ ድረስ እንዳለ ተወው።

እሳት ዳር፦
ስለ ማገዶ፦ ድስቱን ሦስት አራተኛ ሙላ። 150 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ፣ ምድጃው ከእሳቱ ሙቀት 40 በመቶውን ለድስቱ ካደረሰ፣ 9 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ይበቃል። ከፈላ በኋላ የአየር መግቢያውን ዝጋ፤ ግሊሰሪኑ የያዘው ሙቀት ብዙ ይሄዳል። የክዳኑ ቫልቭ እስኪፈተሽ ድረስ ማሰሪያውን አታጥብቅ። ድንኳን ውስጥ አይነደድም፤ የከሰል ጭሱ ይገድላል።

ብረት ጠጋኝ፦
ለካሁት፤ 1.20 አሳየ። የቱቦው ውሃ በአንድ ሰዓት አራት ጣት ወርዷል፣ የድስቱ ውስጥ ግን ንጹህ ነው። ቀለሙ የታየው ማፍሰሻው ብሎን ዙሪያ ነው።

መዳብ፦
ከብሎኑ ሥር ያለው የመዳብ ቀለበት ጠንክሯል ማለት ነው። በአዲስ ቀይር፤ አሮጌውን መልሰህ የምትገጥም ከሆነ እስኪቀላ አግለህ አቀዝቅዘው፣ ይለሰልሳል። መቀመጫውን በደንብ ጥረግና የቱቦውን ፈተና ድገመው።