ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ አሁን ደግሞ «የዲፓርትመንት ኃላፊ ሁኚ» ተባልኩ፤ ምን ልማር?

የቤንዚን ቀለበት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒኤችዲዬን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ። ማስተማርን ግን ማንም አላስተማረኝም። እኔን ያስተማሩኝን እያስታወስኩ ነው የምሠራው። አሁን ደግሞ የዲፓርትመንቱ ኃላፊነት ወደ እኔ እየመጣ ነው። በዩኒቨርሲቲ ማስተማርና በአካዳሚክ አመራር ላይ የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች እንዳሉ አየሁ፤ ሰርተፍኬትም፣ ዲፕሎማም፣ ማስተርስም አለ።

ፒኤችዲ ይዞ ተመልሶ ማስተርስ መማር ትርፍ ድካም አይሆንም? የማስተማሩን ትቼ አመራሩን ብቻ ብይዝስ? የተማራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ብሮሹሩ ላይ ያለውንማ አንብቤዋለሁ።

ሎድ በዛብኝ፦

እውነቱን ልንገርሽ? ወረቀት ነው። ጥሩ መምህር በተፈጥሮው ጥሩ ነው። ሪሰርችሽ ላይ አተኩሪ፣ እድገት የሚመጣው ከዚያ ነው። ኃላፊነቱም ቢሆን ስብሰባና ደብዳቤ ነው፤ ለሱ ደግሞ ትምህርት ቤት አይገባም።

የኋላ ወንበር፦

ወረቀት የሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፣ አልዋሽም። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። እኔ ተምሬው አሁን እዚያው አስተምራለሁ። ሌሎች መምህራን ሲያስተምሩ ኋላ ቁጭ ብሎ ማየትም ሥራዬ ነው። ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ስለ ማስተርሱ። በእንግሊዝ አሠራር ሰርተፍኬቱ 60 ክሬዲት ነው፣ ዲፕሎማው 120፣ ማስተርሱ 180። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ ጀምረሽ የሚበቃሽ ጋ ማቆም ትችያለሽ። ፒኤችዲ ላላት ሰው ሰርተፍኬቱ ይበቃል ባይ ነኝ። ማስተርሱ የሚጠቅመው ስለ ማስተማር ራሱ ምርምር ልሥራ ካልሽ ነው። ፕሮግራሙ የአድቫንስ ኤችኢ (የዩኒቨርሲቲ ማስተማርን የሚደግፍና ለመምህራን እውቅና የሚሰጥ የእንግሊዝ ተቋም ነው) እውቅና ካለው ደግሞ ስትጨርሺ የፌሎነት ማዕረግ ታገኛለሽ። ደረጃው አራት ነው፤ ከታች አሶሺየት ፌሎ፣ ቀጥሎ ፌሎ፣ ሲኒየር ፌሎ፣ ከላይ ፕሪንሲፓል ፌሎ። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ተሻሽሏል፣ ስለዚህ አሮጌ ብሮሹር እንዳያሳስትሽ።

ምን ትማሪያለሽ? በአንቺው ሙያ ልናገር። የኮርስ አውትላይንሽ «ተማሪው የሪአክሽን ሜካኒዝም ደረጃ በደረጃ ያስረዳል» ይላል እንበል። ፈተናሽ ደግሞ ከሀ እስከ መ ምረጡ ነው። ተማሪው ሞኝ አይደለም፣ የሚያጠናው ለፈተናው ነው። ኤሌክትሮኑ ከየት ወዴት እንደሄደ አንዲት ቀስት ሳይስል ኤ ይዞ ይወጣል። የትምህርት ተመራማሪው ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1996 የጻፈበት ጉዳይ ይኸው ነው። ግቡ፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራውና ፈተናው አንድ ነገር ይጠይቁ ነው የሚለው። ሲሰሙት ቀላል ነው። የራስሽን አውትላይን ከራስሽ ፈተና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ስታመሳክሪ ግን ላብ ያጠምቅሻል።

ከሁሉ የሚጠቅመው መታየቱ ነው። ክፍል የምገባው መምህሩን ለማየት አይደለም፣ ተማሪዎቹን ነው። ማስታወሻዬን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ በአንዱ ወገን ሰዓቱ፣ በሌላው ተማሪዎቹ የሚያደርጉት። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ይላል። ትንፋሽ ሳይወስድ «ከሌለ እንቀጥል»። አንዷ እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ መልሳ ፀጉሯን ታስተካክላለች። እሷን እጽፋታለሁ፤ መምህሩ አላያትማ! ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ ይህን በትምህርት ቤቶች ለክታዋለች። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሦስት ሰከንድ ሲደርስ መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ባዮቹም ይናገራሉ። ክፍል ፊት ቆመሽ ስትጠብቂያት ግን ያቺ ሦስት ሰከንድ አታልቅም።

ሎድ በዛብኝ፣ «በተፈጥሮው» ላልከው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አሰባስበው መረመሩ። በሌክቸር ብቻ የተማሩት የመውደቅ ዕድላቸው በተሳትፎ ከተማሩት 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እና ይሄ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው?

አመራሩን ብቻ ልያዝ ያልሽውን አልመክርሽም። ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የሚመጣው ጠብ አብዛኛው የማስተማር ጠብ ነው። አንድ ኮርስ ለሁለት ሴክሽን በሁለት መምህራን ይሰጣል። አንዱ ጋ ግማሹ ክፍል ኤ፣ ሌላው ጋ ኤ ለመድኃኒት የለም። ተማሪዎች በርሽ ላይ ተኮልኩለዋል። «ተነጋገሩና ፍቱት» ብትይ መምህራኑ ይኮራረፋሉ። ከሁለቱም ሴክሽን ጥቂት የፈተና ወረቀቶች አውጪ። ስሙንና ነጥቡን ሸፍኚ። ሁለቱም በአንድ ሩብሪክ፣ ማለት ለምን ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ በሚዘረዝር መመሪያ፣ ለየብቻ ይረሙት። ከዚያ ክርክሩ ስለ ሰው መሆኑ ቀርቶ ስለ አራተኛው ጥያቄ ይሆናል። ይህን የምትማሪው የምዘና ሞጁል ውስጥ ነው እንጂ አመራር በሚለው ውስጥ አይደለም።

በዚያ ላይ ኃላፊ ስትሆኚ እንደ ሥራ አስኪያጅ አትቀጥሪ፣ አታባርሪ። ትናንት እኩዮችሽ ናቸው፣ ዘመንሽ ሲያልቅም ተመልሰሽ እኩያቸው ነሽ። ያስተማሩሽ ፕሮፌሰርም ከሥርሽ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በል ተነስ ብለሽ አታዣቸውም።

ስትመርጪ እነዚህን ጠይቂያቸው፦ አሳይመንቱን የምሠራው በራሴ ኮርስ ላይ ነው? ማን ክፍሌ ገብቶ ያየኛል? «ኤሴይ ጽፈሽ ታስገቢያለሽ» ብቻ ካሉሽ እለፊው።

በጀት ዘግቼ መጣሁ፦

እኔ ኤምቢኤ ይዤ ነው ኃላፊ የሆንኩት። በጀት ማንበብ ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ካሪኩለም ሲከለስ ግን አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ። የኋላ ወንበር ያሉት ልክ ነው።

የቤንዚን ቀለበት፦

የኋላ ወንበር፣ ጊዜዎን ሰውተው ስለጻፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ያቺን ፀጉሯን የምታስተካክለዋን ልጅ እኔም አውቃታለሁ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ኃላፊነቱንና ትምህርቱን በአንድ ዓመት ልጀምራቸው? ንባቡስ እንዴት ነው? ሶሻል ሳይንስ አንብቤ አላውቅም።

የኋላ ወንበር፦

ንባቡ መጀመሪያ ላይ ያናድድሻል። ከላብራቶሪ የመጣ ሰው አንድ መልስ ይፈልጋል፣ እዚያ ደግሞ «እንደ ሁኔታው ነው» ይበዛል። «እኔ» እያልሽ ስለ ራስሽ ክፍል መጻፍም ይጠበቅብሻል። ለሳይንስ ሰው ይሄ መጀመሪያ ነውር ይመስለዋል፣ በኋላ ይለመዳል።

ሁለቱን በአንድ ዓመት አትጀምሪ። ሹመቱን በአንድ ሴሚስተር ማዘግየት ከቻልሽ አዘግዪና የመጀመሪያውን ሞጁል ውሰጂ። ካልሆነ የማስተማር ሎድሽ እንዲቀነስ ጠይቂ፤ ሹመቱን ከመቀበልሽ በፊት፣ በደብዳቤ። በቃል «እናያለን» ካሉሽ እንዳትፈርሚ።

ሎድ በዛብኝ፦

225 ጥናት ከመጣማ ለጊዜው ዝም ልበል። የሎድ ቅነሳው ደብዳቤ ግን ለኔም ይደረስልኝ።