ጭላዳው ጥቁር ጥላ፣ ቅጠሉ የማይለይ፣ የጢያ ሰይፍ ልሙጥ፦ ፎቶዬ ምን ጎደለው?

ጥያቄ፦ መንገደኛ ካሜራ

ሰላም ለቤቱ። አንድ ቀን ደብረ ሊባኖስ፣ ሌላ ቀን ደግሞ የቡታጅራን መንገድ ይዤ መልካ ቁንጥሬ (የጥንት ሰው መካነ ቅርስ)፣ አዳዲ ማርያም (ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን) እና ጢያ ልሄድ ነው። ያለኝ ያገለገለ ካኖን ካሜራ ከ18–55 እና ከ55–250 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ ቀላል ትራይፖድና ስልክ ነው። እስካሁን ያነሳሁት ላይ ሦስት ችግር አለ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ፊታቸው አይለይም፤ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ጥላ ይመስላሉ። የመድኃኒት ዕፅዋቱን ፎቶ ለሚያውቅ ሰው ሳሳይ «ቅጠል መሆኑን አያለሁ፣ የምን እንደሆነ ግን አይለይም» ይለኛል። የጢያ ትክል ድንጋዮች ላይ የተቀረጸው ሰይፍ ደግሞ ለዓይን ቁልጭ ብሎ እየታየ ፎቶው ላይ ይጠፋል። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅሙ የለኝም። በዚሁ ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ገደል አፋፍ

የጭላዳው ችግር ከሌንሱ አይደለም። ገደል ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከኋላው ባዶ ሰማይ ካለ ካሜራው የሚለካው ሰማዩን ነው፤ ብርሃኑ በዛብኝ ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ያኔ የኤክስፖዠር ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያደምቀውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) +1 ያድርጉት። ጭላዳው ቀርቦ ፍሬሙን በጥቁር ጠጉሩ ሲሞላው ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ካሜራው ጥቁሩን ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፤ −0.7 ካላደረጉት ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ይነጣል።

ከማካካሻው ይልቅ ቦታ መቀየር ይሻላል። ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ከኋላው ሰማይ መሆኑ ቀርቶ ሣር ወይም የማዶው ገደል ይሆናል። ፀሐይ ከጀርባዎ ትሁን፣ መሬት ላይ ይቀመጡ፣ ይጠብቁ። ጭላዳ ሣር ሲለቅም አንገቱን ስለሚደፋ ፊቱ የሚገኘው ቀና ሲል ብቻ ነው። ዙሙ 250 ላይ ሲሆን ሹተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከ1/800 ሰከንድ አይዘግይ፤ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200 ይሁን። ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ተንቀሳቅሶ ከደበዘዘ ፎቶ በስንት ጣዕሙ።

ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድሩና ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ሲመሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ደርሶ በብርድ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ብዙ ሰው «ሳቀልኝ» ብሎ ይጠጋል። ሳቅ አይደለም፤ ባሉበት ይቁሙ። ሙዝ አሳይቶ መጥራት ደግሞ ቦርሳ መንጠቅ ማስተማር ነው።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጆፌ አሞራን አይርሱ። ገደሉ ሲሞቅ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ አሞሮቹም በእሱ ላይ ተንሳፍፈው ከሥርዎ ይመጣሉ። ጀርባቸውን ከላይ ማንሳት የሚቻልበት ቦታ ብዙ አይገኝም። ለክንፍ 1/1600 እና ከዚያ በላይ ይጠቀሙ። ዓይን ካሜራው ላይ ሆኖ ግን አንዲት እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አይራመዱ።

መልስ፦ ቅጠል በጣሽ

በአንድ ፎቶ ዕፅ አይለይም። ለአንድ ተክል ሰባት ያንሱ፦ ሙሉው ተክል ከነበቀለበት ቦታ፣ ቅጠሎቹ ከግንዱ የሚጋጠሙበት፣ የቅጠሉ ፊት፣ የቅጠሉ ጀርባ፣ አበባው ከፊት፣ አበባው ከጎን፣ ፍሬው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ሁለተኛውንና አራተኛውን ነው፤ ለባለሙያ ግን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የወጡት ወይስ እየተፈራረቁ? ጀርባው ጠጉር አለው? ዳማ ከሴን ብንወስድ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ጥንድ ነው። ግን በሶብላም እንዲሁ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ አበባው የሌለበት የዳማ ከሴ ፎቶ ግማሽ ማስረጃ ነው።

ጤና አዳም ላይ አንድ የሚያምር ነገር አለ። ቅጠሉን ሳይቆርጡ ፀሐይ ከበስተኋላው እንድትሆን አድርገው ከታች ሲያነሱት የዘይቱ ከረጢቶች እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆነው ያበራሉ። ቢጫው አበባ ጠርዙ የተተለተለ መሆኑም እንዲታይ ጠጋ ይበሉ። ጭማቂው ቆዳዎ ላይ ከነካና ፀሐይ ካገኘው ግን ውኃ ይቋጥራል፤ እጅዎን ይታጠቡ። የቁልቋል ወተት ከዚህ ይብሳል፣ ዓይን ይጎዳል። ኮሶ ከሆነ ደግሞ ወንዱና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ናቸው። ቀላ ያለ ዘለላ የምታንዠረግገው ሴቴዋ ናት፤ ሁለቱንም ካላነሱ አንዱን «ሌላ ዓይነት ዛፍ» ብለው ይመዘግቡታል።

ለቅርብ ፎቶ የሚሻለው 18–55ቱ ነው። 55 ላይ አድርገው እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ከውስጥ ካለው ሴንሰር ስለሆነ ከሚያስቡት በላይ መጠጋት ይቻላል። አፐርቸር ኤፍ 8 ያድርጉ፤ በኤፍ 5.6 ግማሹ ቅጠል ይደበዝዛል። ነፋስ ካስቸገረ የልብስ መቆንጠጫ ከእንጨት ጋር አስረው መሬት ይትከሉና ግንዱን በቀስታ ያስይዙት። ለመጠን ማሳያ እስክሪብቶ አጠገቡ ያድርጉ። በስልክ ከሆነ በጣም አይጠጉ፤ ራቅ ብለው 2 እጥፍ ዙም ያድርጉ።

የበቀለበትን ቦታ ቀላል አድርገው አይዩት። እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ ማንም ያውቅ ነበር፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ግን ልብስ ከሚታጠብበት በታች ወንዙ ላይ የሞቱትን አይተው ነው። ቀኑን፣ ከፍታውን፣ የአካባቢው ሰው የጠራበትን ስም እንደሰሙት ይጻፉ። «የምች መድኃኒት» የሚለው ስም ከቦታ ቦታ ሌላ ሌላ ቅጠል ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ፎቶ አይቶ «ይሄው ነው» የሚል ሰው ስለተገኘ ብቻ ቀቅሎ መጠጣት አይታሰብም፤ መርዛማው አስተናግርም ከሩቅ ሲያዩት ደህና ቅጠል ነው። ለትክክለኛው ስም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሐርበሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ) አለ።

መልስ፦ ድንጋይ አንባቢ

ወደ ጢያ ልምጣ። 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው የሚያሳየው ጥላ ብቻ ነው። ብርሃን ከፊት ለፊት ሲመጣ ጥላ የለም፣ ድንጋዩም ልሙጥ ይሆናል። ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽም የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

የሚፈልጉት ፊቱን ታክኮ የሚያልፍ የጎን ብርሃን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አለ፦ ቀትር ላይም ብርሃኑ ድንጋዩን ታክኮ ያልፋል፣ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። ያኔ አግድም መስመሮች ይወጣሉ፣ ቁም መስመሮች ይጠፋሉ። የሰይፎቹ ረጅም ጎን ደግሞ ቁም ነው። ስለዚህ ጠዋት ይድረሱ፣ መጀመሪያ ካሜራ ሳያወጡ ድንጋዮቹን ይዙሩ፣ ፀሐይ አሁን ታክካው የምታልፈው ፊት የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ያ ፊት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ይሆናል። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ትራይፖድ፤ ካሜራው ከድንጋዩ ጋር ትይዩ ይሁን እንጂ ወደ ላይ አይቅና።

ብርሃኑ ካለፈ የቤት መስታወት ያድናል። ጥላ ውስጥ ያለውን ፊት ይምረጡ፤ ጓደኛዎ 3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ቆሞ ፀሐይዋን በመስታወቱ አንጸባርቆ ድንጋዩን ታክኮ እንዲያልፍ ያድርግ። ሰይፎቹ ተራ በተራ ሲነሱ ያያሉ። የስልክ መብራት በቀን ምንም አያሳይም፤ ለማታ ነው።

በመንገዱ ቅደም ተከተል ላይ፦ ብርሃን የሚፈልገውን ያስቀድሙ። በቀጥታ ጢያ፣ ሲመለሱ በቀትር አዳዲ ማርያም፣ መጨረሻ መልካ ቁንጥሬ (በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው) ይሁን። ለሁለቱም ጉዞ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ይጠይቁ።

መልስ፦ ነጭ ጠመኔ

ይሄ ሁሉ ከሚሆን መስመሩን በጠመኔ መከተል አይቀልም? በኋላ ዝናብ ያጥበዋል። ውኃ መርጨትም ያደምቀዋል።

መልስ፦ ድንጋይ አንባቢ

አይሆንም ወንድሜ። ጠመኔው ቀዳዳ ውስጥ ይቀራል፣ ለማጽዳት ሲፈተግ ድንጋዩ አብሮ ይለቃል። ሌላው ደግሞ ፎቶው የቀራጩን መስመር ሳይሆን ያንተን ግምት ነው የሚያሳየው፤ ያረጀ ስንጥቅ በጠመኔህ ሰይፍ ይሆናል። እርጥብ ድንጋይ ያብለጨልጫል እንጂ ቅርጹን አያወጣም። በዚያ ላይ ሥሩ መቃብር ነው፤ መደገፍም፣ ቦርሳ ማስቀመጥም ነውር ነው።

መልስ፦ የደጀ ሰላም ጎረቤት

አዳዲ ማርያም ላይ ባጭሩ፦ መጀመሪያ ካህኑን ያስፈቅዱ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ቅዳሴ ላይ ካሜራ አያውጡ፣ ወደ መቅደሱ በኩል አያነጣጥሩ፣ ፍላሽ የለም። ውስጡ ጨለማ ነው፤ 18 ላይ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 1600፣ ትራይፖድ ከተፈቀደ 1/4 ሰከንድ አካባቢ ይጀምሩ። መስኮቱን ፍሬም ውስጥ አያስገቡ፤ እሱ ነጭ ሆኖ ሌላው ይጠቁራል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም።

ጠያቂው፦ መንገደኛ ካሜራ

እግዜር ይስጥልኝ። መስታወቱ ስንት በስንት ይሁን? ትልቅ ይዞ መጓዝ ይከብዳል።

መልስ፦ ድንጋይ አንባቢ

30 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ብርሃኑ ድንጋዩን ታክኮ ሲያልፍ ወደ ጎን ስለሚለጠጥ 30ዋ ሴንቲ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ ትሸፍናለች። ቁመቱ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ረጅሙን ጎን አቁመው ይያዙት፣ ረጅም ድንጋይ ከሆነ በክፍል በክፍሉ ያንሱት። ጀርባውን በካርቶን፣ ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉት። የጥበቃውን ሰው ዓይን ላይ አያብሩበት።