ጥቆማ፦ መብራትና ኔትወርክ ለሚቆራረጥብን የትኛው ቨርዥን ኮንትሮል (የኮድ ለውጥ ታሪክ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ይሻላል?

ጅማ ላይ ሆናችሁ ኮድ ለምትጽፉ፣ በተለይ የመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዛችሁ፦ ጊትን ያዙ።

እኔ የጀመርኩት በሌላ ቨርዥን ኮንትሮል፣ በሰብቨርዥን ነው። ታሪኩ ያለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ያለ ኔትወርክ ኮሚት (ለውጥን ታሪኩ ላይ መመዝገብ) የለም፣ ሎግም (የኮሚቶቹ ዝርዝር) አይታይም። አንድ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ መስመር ጠፍቶ ሰነበተ። ሲመለስ የሦስት ቀን ሥራዬን በአንድ ኮሚት ጠቅልዬ አስገባሁ፤ ከውስጡ አንዱ ማስተካከያ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ለይቼ መመለስ አቃተኝ።

ጊት ግን ሙሉ ታሪኩን ላፕቶፓችሁ ላይ ያስቀምጣል። ኮሚቱም ሎጉም ብራንቹም (ከዋናው ጎን የሚከፈት የሥራ ቅርንጫፍ) ከዲስክ ስለሚሠሩ ፈጣን ናቸው፤ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣችሁ ዳታ ዘግታችሁ ትሠራላችሁ። ፑሹ (ሥራውን ወደ ሰርቨር መላኩ) መስመር ሲመጣ ይደርሳል።

«ዲስክ አይሞላም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር። ጊት በየኮሚቱ የፕሮጀክቱን ሙሉ መልክ ይመዘግባል፤ ያልተነካ ፋይል ግን ሁለተኛ አይቀመጥም። ይዘቱ የሚጠራው ከራሱ በተሰላ ሃሽ (መለያ ኮድ) ነውና አዲሱ ኮሚት የድሮውን ይጠቁማል። የተለወጠውን መጀመሪያ ሙሉውን ጨምቆ ያስቀምጣል፤ በኋላ ፓክ ፋይል (ብዙውን በአንድ ያሸገ ፋይል) ሲሠራ ከሚመሳሰሉት ልዩነታቸውን ብቻ ይይዛል። ሰብቨርዥንም እኮ በተለመደው አሠራሩ ከእያንዳንዱ ፋይል ያልተነካ ቅጂ ደብቆ ስለሚይዝ የሥራ ፎልደራችሁ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ሌላው አማራጭ መርኩሪያልም እንደ ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው። ለየፋይሉ መዝገብ ከፍቶ ከመጨረሻው ላይ እየጨመረ ይሄዳል፤ ትእዛዞቹም ለጀማሪ ይቀላሉ። እወደዋለሁ፤ ግን ስትቸገሩ አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚያውቀው ጊትን ነው።

ጊት የሚያስለቅሰው የመጀመሪያው ክሎን (ፕሮጀክቱን ከነታሪኩ ማውረድ) ላይ ነው። 95 ፐርሰንት ደርሶ ቢቋረጥ እንደገና ከዜሮ! ሰብቨርዥን እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። መላው፦ ክሎን ስታደርጉ ዴፕዝ 1 (--depth 1) ብላችሁ የመጨረሻውን ብቻ አውርዱ፤ የቀረውን ታሪክ ቀስ እያላችሁ ትጨምራላችሁ። አለበለዚያ ደህና መስመር ያለው ጓደኛችሁ ባንድል ሠርቶ በፍላሽ ያቀብላችሁ። ፕሮጀክቱን ከነታሪኩ የያዘ አንድ ፋይል ነው፤ ከፍላሹ ክሎን ይደረጋል።

ሥራችሁ ቪዲዮና ትልልቅ የዲዛይን ፋይል ከሆነ፣ ሰርቨሩም እዚያው ቢሮ ውስጥ ካለ፣ ሰብቨርዥንን አልነቅፍም። የምትፈልጉትን ፎልደር የመጨረሻ ቅጂ ብቻ ታወርዳላችሁ፤ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ እንዳይሠራም መቆለፍ ይቻላል።