ኮር አይ5-1135ጂ7 ላፕቶፕ ወይስ አሮጌ ዚዮን ኢ5-2670 ሰርቨር?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብኝ። አንዱ ኮር አይ5-1135ጂ7 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ነው፤ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ (አብረው የሚሄዱ የሥራ መስመሮች)፣ 8 ጂቢ ራም በአንድ ሞጁል፣ ሁለተኛው ስሎት ባዶ። ሌላው አንድ ዚዮን ኢ5-2670 የተባለ የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር የተገጠመለት ሰርቨር ነው፤ 8 ኮር፣ 16 ትሬድ፣ 64 ጂቢ ራም። ሥራዬ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ኮምፓይል ማድረግ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር)፣ 4 ወይም 5 ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) አብሮ ማስነሳትና አልፎ አልፎ ቪዲዮ ኮንቨርት ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ዚዮኑ 2.6 ጊጋኸርትዝ፣ ላፕቶፑ 2.4 ጊጋኸርትዝ ይላል። ኮሩም እጥፍ ስለሆነ ሰርቨሩ እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው?

ሰርቨር ጠጋኝ፦ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ያለው ፍጥነት መነሻው ብቻ ነው። ዚዮኑ በአንድ ኮር እስከ 3.3፣ ስምንቱም ሲሠሩ እስከ 3.0 ጊጋኸርትዝ ይወጣል። ላፕቶፑ በአንድ ኮር 4.2 ይደርሳል። በዚያ ላይ ኢ5-2670 የ2012 ምርት ነው፣ በ32 ናኖሜትር የተሠራ፤ 1135ጂ7 ደግሞ የ2020። አዲሱ ኮር በአንድ የሰዓት ምት የሚጨርሰው ሥራ በጣም ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ፣ በአንድ ትሬድ በሚሄድ ሥራ ላፕቶፑ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል ይፈጥናል።

ሁሉም ትሬድ ሲጫን ግን ነገሩ ይቀራረባል። የዚዮኑ 8 አሮጌ ኮሮችና የላፕቶፑ 4 አዲስ ኮሮች ብዙ የማይራራቅ ውጤት ያመጣሉ። ስለዚህ «እጥፍ» የሚለውን እርሳው፤ መለየት ያለብህ በራም፣ በኤሌክትሪክና በሶፍትዌር ድጋፍ ነው።

ኮምፓይለር፦ ለኮምፓይል ሥራ ከፕሮሰሰሩ በፊት ራሙን እይ። ቴምፕሌት የበዛበት ኮድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ትይዩ ሥራ ከ1 እስከ 2 ጂቢ ያዝለት። በ8 ጂቢ ላፕቶፕ ላይ 8 ትይዩ ሥራ ብትለቅ ማሽኑ ወደ ስዋፕ (ራም ሲሞላ በዲስክ ወደ መተካት) ይገባና ፕሮሰሰሩ ዲስክ ሲጠብቅ ይውላል። ሰዎች «ፕሮሰሰሩ ደካማ ነው» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይኼን አይተው ነው። ራም እስኪጨመር ድረስ ትይዩውን 4 ላይ አቁመው።

ሌላው ሊንክ የሚደረግበት፣ ማለትም ኮምፓይል የሆኑት ክፍሎች ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያያዙበት ደረጃ ነው። በብዙ ፕሮጀክት እዚያ የሚሠራው በዋናነት አንድ ትሬድ ስለሆነ የዚዮኑ 15 ትሬዶች ቁጭ ብለው ያያሉ። ከባዶ ሙሉ ቢልድ የምታደርግ ከሆነ ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ አንድ ፋይል እየነካህ ደጋግመህ የምትቢልድ ከሆነ ግን ላፕቶፑ ያስቀናል።

ሊኑክሰኛ፦ ስለ ራም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ቻናል ማለት ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር ዳታ የሚለዋወጥበት መንገድ ነው። ዚዮኑ ባለ 4 ቻናል ዲዲአር3-1600 ነው፤ ላፕቶፑ ባለ 2 ቻናል ዲዲአር4-3200። አስላው፤ ሁለቱም በወረቀት 51.2 ጊጋባይት በሰከንድ ይሆናሉ። ነገር ግን ቻናሎቹ ሁሉ ሲሞሉ ብቻ ነው። ላፕቶፕህ አሁን በአንድ ሞጁል ስለሚሠራ ግማሹን፣ 25.6 ብቻ ያገኛል። ሰርቨሩም 64 ጂቢው በ2 ሞጁል ከሆነ ያው ነው፤ 4 ባለ 16 ጂቢ ሞጁሎች በአራቱ ቻናል ተበትነው መሆናቸውን አረጋግጥ። አራቱም በሁለት ቻናል ላይ ተጠራቅመው ከተሰኩ ምንም አልተጠቀምክም። የስሎቱ ቀለምና በቦርዱ ላይ የታተመው ፊደል ይመራሃል።

ሰርቨሩ ላይ ራም ስትጨምር ሬጅስተርድ የሆነውን (ለሰርቨር የሚሠራውን የራም ዓይነት) እና ያልሆነውን አታደባልቅ፤ ማሽኑ አይነሳም።

ዋናው የዚዮኑ ድክመት ግን ኤቪኤክስ2 (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰላ የትእዛዝ ስብስብ) የለውም፤ ያለው የመጀመሪያው ኤቪኤክስ ብቻ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም በዚህ ምክንያት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ወዲያው ይዘጋል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10 ኤቪኤክስ2 ያለውን ደረጃ እንደ ዝቅተኛ መስፈርት ስለያዘ እዚህ ላይ አይሄድም። ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይደግፍም። ደቢያን የተባለው ሊኑክስ ግን ያለ ችግር ይጫናል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ቪዲዮውስ? ሰርቨሩ ላይ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ከሳታው የሚፈጥን ዲስክ) ማስገባትስ ይቻላል? ደግሞ የሰርቨር ፕሮሰሰር ለ24 ሰዓት ሥራ ስለተሠራ የበለጠ ይቆያል የሚል ሰምቻለሁ።

ሰርቨር ጠጋኝ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ፕሮሰሰር ራሱ ብዙም አይሞትም፤ የሚሞተው ፓወር ሰፕላይ፣ ፋንና ዲስክ ነው፤ አሮጌ ሰርቨር ላይ ደግሞ እነሱም አብረው አርጅተዋል። የሰርቨሩ እውነተኛ ብልጫ ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም ነው።

ኤንቪኤምኢውን በፒሲአይ ኤክስፕረስ አዳፕተር ሰክተህ ለዳታ ትጠቀምበታለህ። ከሱ ላይ ቡት ማድረግን (ማሽኑን ማስነሳትን) ግን የዚያ ዘመን ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም፣ በአብዛኛው አያውቀውም። ቡት የሚደረገውን ክፍል በትንሽ ሳታ ኤስኤስዲ ላይ አድርግና የቀረውን ኤንቪኤምኢው ላይ ጫን። ባዮሱን ሞዲፋይ እናድርግ የሚሉህን አትስማ፤ ቦርዱን ልትገድለው ትችላለህ።

ቪዲዮ ላይ ላፕቶፑ ኩዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ ክፍል አለው፤ ኤች.264ንም ኤች.265ንም (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነቶችን) በሃርድዌር ይሠራል። ዚዮኑ ግራፊክስ የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉንም በኮር ይገፋል። ፋይሉ ሳይተልቅ ጥራት ከፈለግህ ግን ሁለቱም ላይ በሶፍትዌር ኢንኮድ አድርግ፤ ሃርድዌሩ ፍጥነት እንጂ ጥራት አይሰጥህም።

ሊኑክሰኛ፦ ኤሌክትሪኩንም አስብ። ዚዮኑ 115 ዋት፣ ላፕቶፑ ቢበዛ 28 ዋት ተብሎ የተሠራ ነው። 24 ሰዓት ሙሉ ቢጫኑ ፕሮሰሰሩ ብቻውን በዚዮኑ 2.76፣ በላፕቶፑ 0.67 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የሰርቨሩ ፋንና ራም በዚያ ላይ ይደመራል፤ ጫጫታውን ሳንቆጥር። ከሚተኙበት ክፍል አታስገባው።

ኮምፓይለር፦ ከመወሰንህ በፊት ሁለቱንም ራስህ ለካ። ፋይል የሚያጠብበው ሰቨን ዚፕ ውስጥ ቤንችማርክ (የፍጥነት መለኪያ) አለ፤ ዲክሽነሪውን 32 ሜጋባይት አድርገህ መጀመሪያ በ1 ትሬድ፣ ቀጥሎ በሙሉ ትሬድ አስኪደው። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተህ፣ የፓወር ሁነታውን ከፍተኛ ላይ አድርገህ፣ ሙሉውን ሙከራ ቢያንስ 15 ደቂቃ አቆየው። ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ ከገደቡ አልፎ ይሮጣል፤ ከዚያ ወደተፈቀደለት ዋት ይወርዳል። አምራቹ 15 ዋት ላይ ከገደበው ውጤቱ ከ28 ዋቱ በጣም ይለያል። እያሄድክ በኤችደብሊው ኢንፎ ፕሮግራም ሙቀቱንና ዋቱን ተከታተል፤ 100 ዲግሪ ነክቶ ፍጥነቱ ከወረደ ችግሩ አቧራ ወይም የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ሊሆን ይችላል።

ሰርቨር ጠጋኝ፦ ለቨርቹዋል ማሽኖቹ የምትመድበውን ራም ደምረው። ጠቅላላው ከ24 ጂቢ ካላለፈ ላፕቶፑን ውሰድና 8 ጂቢውን አውጥተህ ሁለት ባለ 16 ሞጁል ክተት። 40 ወይም 50 ጂቢ የሚጠይቅህ ከሆነ ሰርቨሩ ይሻላል። ላፕቶፑን ሌት ተቀን ሰክተህ የምታሠራው ከሆነ ደግሞ በባዮስ ወይም በአምራቹ ፕሮግራም ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ አድርግ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ የሚቆይ ባትሪ ያብጣል፣ የመዳሰሻ ሰሌዳውንም ከሥር ይገፋዋል።