በለጠ ድንች ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ለምን ይጠቁራል?

ሰላም ከሰሚት
ጤና ይስጥልኝ። ችፕስ እየጠበስኩ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። የምገዛው በለጠ ነው። ከማሳ የመጣ ሰሞን ስጠብሰው ወርቅ የመሰለ ይወጣል። ዘንድሮ ዋጋው ረከስ ሲል ብዙ ገዝቼ ቀዝቃዛ ክፍል ተከራይቼ አስቀመጥኩት። ከወር በኋላ ሳወጣው አልበሰበሰም፣ አላጎነቆለም። ዘይት ውስጥ ሲገባ ግን ጠቆረ፣ መረረም። ዘይት ቀየርኩ፣ እሳት ቀነስኩ፣ ያው ነው። ለችፕስ የሚሆን ሌላ ዝርያ አለ?

የድንች ባለሙያ
እህቴ፣ ዘይትሽም እሳትሽም ደህና ናቸው። ድንቹ ውስጥ ስኳር በዝቷል። ድንች ከ8 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይለወጣል። ያ ስኳር ነው የጋለ ዘይት ሲያገኝ የሚያጠቁረውና የሚያመርረው። ለጤናም ጥሩ አይደለም፣ አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል ይበዛበታል። የቀረሽን ድንች ከ15 እስከ 20 ዲግሪ የሚሆን ጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዪው። ከስኳሩ የተወሰነው ይቀንሳል። ሁሉም ዝርያ ግን እኩል አይመለስም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ፍሬ ጠብሰሽ እዪ።

ወደ ዝርያው ስንመጣ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ድንች በማዳቀልና በመምረጥ ነው። ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 በፈረንጆቹ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሲወጡ የመጀመሪያው ጭንቀት ሌት ብላይት የሚባለው የድንች በሽታ ነበር። የቆዩት የገበሬ ዝርያዎች ክረምት ላይ ቅጠላቸው ባንድ ሳምንት ጥቁር ይሆናል። ገበሬው በበልግና በመስኖ እንዲወሰን ያስገደደው ይኸው ነው። መጀመሪያ ማሳ ላይ የሚተርፍ ድንች ያስፈልግ ነበር፣ ያ ትክክል ነበር።

አሁን ግን አንድ ዝርያ ሁሉንም እንዲሠራ መጠበቅ ማቆም አለብን። የመኸሩን ምርት ለመስኖ ዘር የሚያደርግ ገበሬ ቶሎ የሚያጎነቁል ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ረጅም እንቅልፍ የሚተኛ ትፈልጊያለሽ። እነዚህን ሁለቱን አንድ ድንች ውስጥ ማስታረቅ አይቻልም። ለችፕስ የሚሆነው ለብቻው ተዳቅሎ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ከርሞ፣ ተቆርጦ ተጠብሶ መመረጥ አለበት። ድንች አራት እጥፍ ክሮሞዞም ስላለው ከአንድ ማዳቀል የሚወጣው እያንዳንዱ ፍሬ ዘር የተለያየ ተክል ነው። ከሺዎቹ አንዷን ለማግኘት አሥር ዓመት ግድም ይፈጃል። ማቻኮልም አደጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሌናፔ የሚባል ለችፕስ ግሩም የሆነ ድንች በፈረንጆቹ በ1967 ወጥቶ ነበር። መርዛማው ግላይኮአልካሎይድ በዝቶበት ተገኘና በ1970 ከገበያ ተነሳ። ዝርያው ግን ከንቱ አልቀረም፣ ታዋቂው የችፕስ ድንች አትላንቲክ የተገኘው ሌናፔን ከሌላ ዝርያ ጋር በማዳቀል ነው።

ገበሬ ከጀልዱ
ባለሙያው ያሉት እውነት ነው። እኛ ዘር የምናስቀምጠው ብርሃን በሚገባበት የእንጨት መደርደሪያ ላይ ነው። ድንቹ አረንጓዴ ይሆናል፣ ጉንቁሉም አጭርና ጠንካራ ይሆናል። እህታችን፣ አረንጓዴውን ርካሽ ነው ብለሽ ለመጥበሻ እንዳትገዢ፣ እሱ ለመትከል ብቻ ነው። ለችፕስ የሚሆን ዝርያ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ዋጋ በኩንታል ከገዛኝ፣ ምርት የሚያንሰውን ለምን እተክላለሁ?

ሰላም ከሰሚት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ለጥሩው ድንች ጨምሬ ብከፍል ደስ ይለኛል። ግን ገበያ ላይ ቆሜ እንዴት ልለየው?

የድንች ባለሙያ
በሚዛን ይለያል። ናሙና ውሰጂ፣ አፈሩን አጥበሽ ልክ አንድ ኪሎ መዝኚ። ከዚያ በመረብ ከረጢት አድርገሽ የእጅ ሚዛን ላይ አንጠልጥይና ባልዲው ግርጌ ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አጥልቂው። የከረጢቱን ክብደት ቀንሺ። ውሃ ውስጥ 74 ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከመዘነ ደረቅ ይዘቱ 20 በመቶ ግድም ነው፣ ግዢው። 60 ግራም ካልሞላ ውሃው ብዙ ነው፣ ዘይትሽን ይጠጣዋል። ስኳሩን ግን ሚዛን አይነግርሽም። ለእሱ እዚያው ሦስት አራት ፍሬ ቆርጠሽ ጥበሺ።