«አዲሱን መግዛት ያልቻለ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሳቢያን፦ ትናንት ማታ አንዱ እዚሁ «አሮጌ ጌም የሚወደው አዲሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ነው፤ ጌም ማለት ግራፊክስ ነው» ብሎ ጽፎ ተኛ። እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አቦ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጌም ቤት ያደግን ልጆች ነን እኮ! ፔስ 6 የሚባለው የድሮ የእግር ኳስ ጌም ላይ የተጫዋቹ ፊት አይለይም ነበር። ግን ኳሷ ጣትህ ያሰበውን ታደርጋለች። ተጫዋች ከምንም በላይ የሚፈልገው ይሄንን ነው።

ለገሃር፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ሰው መጀመሪያ የሚያየው በዓይኑ ነው። ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ የመኪናው መብራት ሲያንጸባርቅ ልብህ ቀጥ አይልም? ሰው ለግራፊክስ ካርድ ዓመት ሙሉ የሚቆጥበው ለዚህ ነው።

መጋላ፦ ማይንክራፍት የሚባለውን ጌምስ ምን ልትለው ነው? ዛፉም በጉም ኩብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሽያጩ ከ300 ሚሊዮን ኮፒ አልፏል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያልቻለ ነው?

ለገሃር፦ እሱ የልጆች ነው። ደግሞ «ያልቻለ» ያልኩት ስድብ አይደለም።

ሳቢያን፦ ስድብ ነው። ወንድሜ ጆይስቲክ ሲያልቅበት የስቲኩን ጫፍ በብስክሌት ካላማዳሪያ ጠቅልሎ ይጫወት ነበር። ሙቀቱ ፕሌይስቴሽኑን እንዳያጠፋብን መሬት ላይ አውርደን ቬንትሌተር እናዞርበታለን። ዛሬ አዲሱን መግዛት ይችላል። ገዝቶም አሮጌውን ነው የሚከፍተው። «ያልቻለ» የምትለው እሱን ነው?

ገንደ ቆሬ፦ ሁለታችሁም ታሪኩን ረስታችሁታል። ሳን አንድሪያስ የሚባለውን ባለታሪክ ጌም ስንጫወት እንግሊዝኛው ከየት መጥቶ ይገባናል? ግን ልጁ እናቱ ሞታ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ሐዘን ላይ መሆኑን ማንም አልነገረንም፤ ገባን። እኔን እስከ መጨረሻው የወሰደኝ እሱ ነው። ሚሞሪ ካርድ አልነበረንም። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ እንጀምራለን። ለግራፊክስ ብሎ ማን ከዜሮ ይጀምራል?

ሳቢያን፦ እህቴ፣ ታሪክ አንዴ ካወቅሽው አወቅሽው። ፔስን ግን ሺህ ጊዜ ተጫውቼ አልጠገብኩም።

ገንደ ቆሬ፦ እኔም ያንን ታሪክ አልጠገብኩም። ያንተ ጥጋብ መለኪያ አይሆነኝም።

ለገሃር፦ ፔስ ፔስ ትላለህ። ስሙ ተቀይሮ ኢፉትቦል ሆኖ በ2021 ሲወጣ ዓለም የሳቀው በምኑ ነበር? በተጫዋቾቹ ፊት! ጌሙን የሚሠራው ኮናሚ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ግራፊክስ ምንም ካልሆነ ይቅርታው ለምን?

መጋላ፦ ይቅርታውን አንብበኸዋል? የኳስ ማቀበል ፍጥነትና መከላከሉ ላይ ብዙ አስተያየት እንደደረሳቸው ጽፈዋል። ፊቱም፣ የተጫዋቾቹ እንቅስቃሴም፣ የኳሷ ጠባይም ተጠቅሷል። አንተ ፊቱን ብቻ ይዘህ መጣህ።

ለገሃር፦ ፊቱ ተጠቅሷል ወይስ አልተጠቀሰም?

መጋላ፦ ተጠቅሷል።

ለገሃር፦ በቃ።

ሳቢያን፦ በቃ አይባልም! «ያልቻለ» የሚለውን መልስ መጀመሪያ።

ለገሃር፦ አንተ መጀመሪያ የዛን ቀኑን ጨዋታ መልስ። በ85ኛው ደቂቃ 2 ለ 1 እየመራሁህ መብራት ጠፋ፤ «አይቆጠርም» ብለህ ሄድክ።

ሳቢያን፦ መብራት ከጠፋ አይቆጠርም። ድሬ ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም።

ገንደ ቆሬ፦ እኛ ሰፈር የመራ ይወስዳል።

መጋላ፦ መጋላም ይቆጠራል፣ ወላሂ።

ሳቢያን፦ ከዚራ አይቆጠርም! የተጫወትነው ከዚራ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ እንደገና እንጫወታለን። በፔስ 6።

ለገሃር፦ በአዲሱ ካልሆነ አልመጣም።