የወደቀ ሰርቨር ከግራፉ ሲሰረዝ መልእክቶቹ የት ይሂዱ?

ሰላም ለሁላችሁ። በቀለበት የተያያዙ ሰርቨሮች መሪ የሚመርጡበትን፣ ቻንግና ሮበርትስ በ1979 ያሳተሙትን ስልተ ቀመር ግሩቭ በተባለው የግራፍ ትራንስፎርሜሽን ሶፍትዌር (በአንጓና በቀስት የተሠራ ሥዕልን ደረጃ በደረጃ በሕጎች የሚለውጥ) እየቀረጽኩ ነው። ሰርቨሩም መልእክቱም አንጓ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው ቀስት ነው። ጣጣው የመጣው «ሰርቨር ይወድቃል» የሚል ሕግ ስጨምር ነው። ተንጠልጣይ ቀስት (ጫፉ ላይ ያለው አንጓ የተሰረዘበት) የሚከለክለውን ቅድመ ሁኔታ ሳበራው ሕጉ ጨርሶ አይሠራም፤ ሁሉም ሰርቨር ከጎረቤቱ ጋር ታስሯልና። ሳጠፋው ቀስቶቹ አብረው ይሰረዛሉ፤ ወደ ሟቹ ይጓዙ የነበሩ መልእክቶች ግን ባለቤት አልባ ሆነው ይቀራሉ፣ ሶፍትዌሩ የሚፈትሻቸው የግራፉ ሁኔታዎች ብዛትም ያብጣል።

መልእክቶቹን «ለሁሉም» በሚል ኳንቲፋየር (ሕጉ በአንድ ጊዜ ሁሉንም እንዲነካ በሚያደርግ ምልክት) አብሬ ልሰርዛቸው ወይስ ሰርቨሩ ላይ «ወድቋል» የሚል ምልክት ብቻ ልለጥፍ? ልቤ ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ነገር ግን «ከአንድ በላይ መሪ አይኖርም» የሚለውን ስፈትሽ የወደቀው መሪም ይቆጠርብኛል። ይህን የሞከራችሁ ሕጉን እንዴት ጻፋችሁት?